የፍሪሲዮን ፔዳል ሲሰምጥ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በአሮጌ ሚኒባስ ሲጓዙ፣ ገና አወዳይ ሳይደርሱ ሾፌሩ ከማርሹ ጋር ሲታገል አይተው ያውቁ ይሆናል። ፔዳሉን ደጋግሞ እየረገጠ፣ «ግድ የለም፣ ታደርሰናለች» ይላል። ታደርስ ይሆናል፤ ነገር ግን ከደንገጎ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ማርሽ አልገባ ካለ ሸክሙ ሁሉ በፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ፍሬንም ከመጠን በላይ ሲግል ኃይሉ ይደክማል።

የነገሩ ምሥጢር በትምህርት ቤት የተማርነው የፓስካል ሕግ ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ የላይኛው ፖምፓ ዘይቱን በቱቦ ይገፋል፤ ዘይቱም በካምቢዮ አጠገብ ያለውን የታችኛውን ፖምፓ ገፍቶ ፍሪሲዮኑን ከሞተሩ ያላቅቃል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። እንግዲህ የፖምፓው ጎማ ሲያረጅ ዘይት ይወጣል፣ አየር ይገባል፣ ፔዳሉም ይሰምጣል።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ጥፋቱን ይፈልጉ። እርጥበቱ ከፔዳሉ በላይ ከታየ የላይኛው፣ በካምቢዮ ጎን ከታየ የታችኛው ፖምፓ ነው። ዘይት ሳይፈስ ፔዳሉ ቀስ እያለ ከሰመጠ ደግሞ የላይኛውን ይጠርጥሩ። የፖምፓው ውስጥ ከተጫረ ወይም ከዛገ ጎማውን ብቻ መለወጥ ገንዘብ ማባከን ነው፤ አዲሱን ጎማ ቶሎ ይበላዋልና ሙሉውን ይለውጡ። የሚጨመረውም የፍሬን ዘይት ብቻ ይሁን፤ የሞተር ዘይት ጎማውን አሳብጦ ያበላሸዋል።

ዕቃው ተለወጠ ማለት ግን ሥራው አለቀ ማለት አይደለም፤ አየሩ መውጣት አለበት። አንዱ ሰው ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፤ ሁለተኛው ከታች የአየር ማስወጫውን ብሎን ጥቂት ያላላል፤ ፔዳሉ ሳይለቀቅም መልሶ ያጠብቃል። ይህ አረፋው እስኪጠፋ ይደጋገማል፤ የዘይት መያዣውም በመካከሉ ባዶ መሆን የለበትም።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው የእውቀት ማነስ ሳይሆን ጥድፊያ ነው። መካኒኩ አየር ሲያስወጣ «ቶሎ በል፣ ቢሮ ረፈደብን» የምንለው እኛው ተሳፋሪዎች ነን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በደንገጎ ቁልቁለት ላይ ከሚፈታ፣ ሐረር ላይ ግማሽ ሰዓት ብንታገሥ ይሻላል።