አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ሲሮጥ ልጅ አልነበረም

ውድ ወላጆች፣ ጎረቤላም ደብረ ብርሃንም ያላችሁ ልብ በሉ። የ12 ዓመት ልጅን በየማለዳው ረጅም ርቀት እያስሮጡ «አበበ ቢቂላም እንዲህ ነው የጀመረው» ማለት ሐሰት ነው።

የሰሜን ሸዋው ልጅ አበበ የተወለደው በ1924 ዓ.ም. ነው። ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ያሸነፈው ደግሞ በ1952 ዓ.ም.። ያኔ የ28 ዓመት ጎልማሳ፣ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ያሠለጠነው የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ደመወዙም ከውትድርናው ነው፤ በዚያ ዘመን የኦሎምፒክ ሯጭ ከሩጫ ገንዘብ እንዲያገኝ አይፈቀድም ነበር።

ዛሬ ግን የልጅ እግር የቤተሰብ መተዳደሪያ ተደርጎ ይታሰባል። በማደግ ላይ ያለ አጥንት ጫፉ ገና ለስላሳ ነው። ያለ ዕረፍትና ያለ በቂ ምግብ ጫና ሲደጋገምበት ይጎዳል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ልጃችሁ ይሩጥ፣ ይጫወት፣ ገናም ይምታ። ነገር ግን ካነከሰ፣ አንድ ቦታ ላይ ያለ የአጥንት ሕመም ከሳምንት በላይ ከቆየበት፣ ወይም ሴት ልጃችሁ የወር አበባዋ 3 ወር ከቀረባት፣ ሩጫውን አስቁሙና ወደ ጤና ተቋም ውሰዱ። «ቻል አድርገው» አትበሉ።

አበበ ወርቁን ያገኘው በ28 ዓመቱ ነው። የእናንተን ልጅ ምን አስቸኮለው?