ኮምፒዩተሩ የሚያለብሰው ማንን ነው?

ባለፈው ሰሞን ለቤተ ዘመድ ሠርግ የሚሆን የተሰፋ ቀሚስ ከሱቅ ገዛሁ። በአንገቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የእኔው ልክ ነበር። ቤቴ ገብቼ ስለብሰው ግን ትከሻው ልክክ ሲል ደረቱ አልገጥም አለ፤ ወገቡ ደግሞ ሌላ ሰው ጨምሮ ይይዛል። ወልዳ ያጠባች እናት ሁሉ ይህን ችግር ታውቀዋለች። በሰፈራችን ላሉት አዛውንት ልብስ ሰፊ ባሳያቸው፣ የጎኑን ስፌት ገልበጥ አድርገው ተመለከቱና «ልጄ፣ ጥፋቱ ካንቺ ገላ አይደለም፤ ይህ ቀሚስ የተቀደደው ለሌላ ሰው ነው» አሉኝ።

ያ ሌላ ሰው ማን ይሆን? ነገሩን ስከታተል ኮምፒዩተር ዘንድ አደረሰኝ።

ዛሬ በትልልቅ የልብስ ፋብሪካዎች ሥራው የሚጀመረው በመቀስ አይደለም። የፊቱ፣ የኋላውና የእጅጌው ቅድ በኮምፒዩተር ይነደፋል፤ አንዱ ልክ ከተሠራ በኋላ ትልቁም ትንሹም ከዚያው ይወጣል፤ ጨርቅ እንዳይባክንም ክፍሎቹ ተጠጋግተው ይደረደራሉ። ጅምሩ ሩቅ ነው። ከኦስትሪያ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ጆሴፍ ጌርበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1969 በኮምፒዩተር እየተመራ ድርብርብ ጨርቅ የሚቆርጥ መኪና አወጣ። ይኸው ሰው ተማሪ ሳለ ከፒጃማው የወገብ ላስቲክ አውጥቶ፣ ምልክት አድርጎበት፣ የሚለጠጥ ማስመሪያ እንደሠራ ይነገርለታል።

አዲሱ ነገር ልብሱን ሳይሰፉ ማልበሱ ነው። ጨርቁ በኮምፒዩተሩ ውስጥ በብዙ ሺህ ጥቃቅን ሦስት ማዕዘኖች ይከፋፈላል። የእውነተኛው ጨርቅ ክብደት፣ የሚለጠጥበትና የሚታጠፍበት መጠን ተለክቶ ስለሚሰጠው፣ ሐሩ እንደ ሐር ይፈሳል፤ ካኪው ደርቆ ይቆማል። ከዚያ ክፍሎቹ ዳር ለዳር ይገጣጠሙና በስክሪኑ ላይ የቆመች የሴት ምስል ትለብሰዋለች። ልብሱ የሚያጨንቅበት ቦታ ቀይ ሆኖ ይታያል። ስፌቱ ቢያስቀይም አይተረተርም፤ መስመሩን ፈቀቅ ማድረግ ብቻ ነው። ለናሙና ተብሎ እየተሰፋ የሚጣለው ጨርቅም ይቀንሳል። በእርግጥ ይህ ሁሉ ሲያልቅ እውነተኛውን ልብስ በስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ የምትሰፋው ያችው ሠራተኛ ናት።

ቁም ነገሩ ያለው ምስሏ ላይ ነው። ያቺ ሴት ቁመቷን፣ ደረቷንና ዳሌዋን የምታገኘው ሰዎች ተለክተው ከተዘጋጀ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዥ ደግሞ የተለካውን እንጂ ያልተለካውን አያውቅም። በ1939 እና በ1940 የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር 15 ሺህ ያህል ሴቶችን፣ እያንዳንዷን በ59 ቦታ አስለካ። ሥራው ግሩም ነበር፤ ነገር ግን ነጭ ያልሆኑት ሴቶች ልክ ከሒሳቡ እንዲወጣ ተደረገ። በ1958 የወጣው የሴቶች ልብስ ደረጃ መሠረት ያደረገው ይህንኑ ጥናት ሲሆን፣ የተሻረው በ1983 ነው። ብዙ ሴቶች በመስታወት ፊት ቆመው «ምን ሆኜ ነው?» እያሉ ገላቸውን ሲወቅሱ የኖሩት እንዲህ ባለው ሰንጠረዥ ነው።

ኮምፒዩተር ይህን ስሕተት በራሱ አያርመውም፤ የተሰጠውን ገላ ተቀብሎ በደንብ ያለብሳል እንጂ። ደስ የሚለው፣ የምስሏ ልክ ሊለወጥ መቻሉ ነው። ደረቷን ማስፋት፣ ቁመቷን ማሳጠር፣ ማስቀመጥ፣ እጇን ማስነሳትም ይቻላል። እኔ ብጠየቅ አውቶቡስ ውስጥ ብረት ይዛ የቆመች፣ ልጅ ያዘለች፣ ጡት ለማጥባት ቁልፍ የምትፈታ ሴት ሆና ትሞከር እላለሁ። ቀጥ ብላ ለቆመችማ ምን የማያምር ልብስ አለ!

እስከዚያው የራሳችሁን ልክ ጽፋችሁ ያዙ። ደረት ከሰፋበት፣ ወገብ ከቀጠነበት፣ ዳሌ ከሰፋበት ላይ ሜትሩን ሳታጠብቁ ዙሪያውን ለኩ፤ ከትከሻ እስከ ወገብ ያለውንም አትርሱ። የምታጠቡ ከሆነ በየሁለት ወሩ መድገም ይበጃል፤ ደረት በዚያ ጊዜ አንድ ልክ አይረጋምና።

የእኔን ቀሚስ ልብስ ሰፊው ጎኑን ተርትረው፣ ከወገቡ የተረፈውን ጨርቅ ወደ ደረቱ ቀጥለውበታል። ቅጥያው ከብብት ሥር ስለሆነ እጄን ካላነሳሁ አይታይም። በሠርጉ ላይ ግን እስክስታ አለ።