ሸክሙ ይብቃ፣ መንገዱ ይሠራ

ዊልቸር የሚጠቀም ዘመድ ያላችሁ ሁሉ! በዓል ባለፈ ማግስት ልጆቹን ይዛችሁ ወደ መዝናኛ ፓርክ ስትወጡ ቤት የሚቀረው ማን ነው? «ትደክሚያለሽ»፣ «ፀሐዩ ይከብድሻል»፣ «ቤቱንም የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል» እየተባለ ሁልጊዜ የምትቀረው ያችው አክስት፣ ያችው እህት ናት። እንተዋወቅ፤ ያስቀራት ፀሐይ አይደለም። መግቢያው ላይ ያሉት ሦስት ደረጃዎች፣ የፊት ጎማዋን እየያዘ የሚያስቀረው ኮብልስቶንና በሩ የማያስገባት ሽንት ቤት ናቸው።

ደግ ሕዝብ መሆናችን አይካድም። ዊልቸር ደረጃ ፊት ሲቆም ያየ ጎረምሳ ሳይጠራ ይደርሳል፤ ጓደኞቹን ጠርቶ «አይዞሽ እማማ» እያለ ከነወንበሯ ብድግ ያደርጋታል። እግዜር ይስጠው። ነገር ግን ይህ ደግነት ለፓርኩ ባለቤት ነፃ ራምፕ ሆኖለታል። ተሸካሚ እስካልጠፋ ድረስ ሲሚንቶና አሸዋ ለምን ይገዛል?

የተሸከሟት ልጆች ከሄዱ በኋላስ? ሽንቷ ሲመጣ፣ የልጅ ልጆቿ ዥዋዥዌ ወደሚጫወቱበት መሄድ ሲያምራት፣ ሌላ አራት ሰው እስኪገኝ ልትጠብቅ ነው። አደጋውም ቀላል አይደለም። ዊልቸር የማያውቅ ሰው ተነቃዩን የእጅ መደገፊያ ይዞ ሲያነሳ መደገፊያው እጁ ላይ ይቀራል፤ ወንበሩ ከነሰውዋ ይገለበጣል።

የምንጠይቀው ውለታ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤትም እንዲመቻችላቸው አዟል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ አንቀጽ 30 ላይ ስለ መዝናናት ለይቶ ይናገራል፤ አካል ጉዳተኛ ልጆች ከእኩዮቻቸው እኩል መጫወት እንዲችሉ መንግሥታትን ያስገድዳል። ሕጉ ለጨዋታ ሳይቀር ቦታ ሰጥቷል፤ የጎደለው የሚጠይቅ ሰው ነው።

ለመጠየቅም ከዛሬ የተሻለ ጊዜ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አንድነት ፓርክ፣ ወዳጅነት ፓርክና እንጦጦ ፓርክ ተከታትለው ተከፍተዋል፤ ሌሎች መናፈሻዎችና መጫወቻዎችም እየተጨመሩ ነው። ፕላኑ ወረቀት ላይ ሳለ በር ማስፋት የእርሳስ ሥራ ነው፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ግን መዶሻ ይጠይቃል።

«አይቻልም» የሚል ቢኖር ቴክሳስን ይመልከት። ጎርደን ሃርትማን የተባለ የሳን አንቶኒዮ ሰው፣ አካል ጉዳተኛ ልጁ ሞርጋን እንደ ሌሎች ልጆች የምትጫወትበት ቦታ ቢያጣ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ሞርጋንስ ወንደርላንድ የተባለውን ፓርክ ከፈተ። እዚያ ዥዋዥዌው ዊልቸሩን ከነተቀማጩ ይዞ ይወዛወዛል። በ2017 እ.ኤ.አ. የተጨመረው የውሃ መጫወቻ ውስጥ ደግሞ ውሃ የሚያበላሸው ባትሪ የሌለው፣ በታመቀ አየር የሚሄድ ዊልቸር አለ። አካል ጉዳተኛ የሚገባውም በነፃ ነው።

እኛ ለጊዜው ያን ያህል አልጠየቅንም። በዓለም የታወቀው ልክ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር የሚረዝም ራምፕ ነው። ሦስቱ ደረጃዎች ተደምረው 45 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ 5 ሜትር ተኩል የማይሞላ ራምፕ ይበቃቸዋል። በሩ ቢያንስ 80 ሴንቲ ሜትር ይክፈት፤ ሽንት ቤቱ ውስጥም ዊልቸር የሚዞርበት 1 ሜትር ተኩል ቦታ ይኑር። ይህ ከአንድ የመጫወቻ ማሽን ዋጋ ጋር የሚወዳደር ወጪ አይደለም።

እንግዲህ እንነሳ!

መጀመሪያ እሷን ራሷን ጠይቋት። የት መሄድ እንደምትፈልግ፣ ምን እንደሚያስቸግራት የምታውቀው እሷ ናት፤ ከፊትም ትቅደም። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ትኬት ሳትቆርጡ በሩን ለኩ፣ ደረጃውን ቁጠሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ ያያችሁትን ጽፋችሁ ለፓርኩ አስተዳደር ስጡ፤ መልስ የምትጠብቁበትን ቀንም ቁረጡለት። ቀኑ ካለፈ ደብዳቤው ወደ ክፍለ ከተማው፣ ወደ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ይሂድ።

ብቻችሁን ግን አትሂዱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አንድ ቤተሰብ ሲጠይቅ ጥበቃው ይመልሰዋል፤ እድሩ፣ ማኅበሩ፣ የትምህርት ቤቱ ወላጆች በአንድ ላይ ሲቆሙ ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ይወጣል። መምህራን ሆይ፣ ዊልቸር የሚጠቀም ተማሪያችሁ የማይገባበት ፓርክ ጉብኝት አትመዝግቡ። ሙሽሮች፣ አያታችሁ አብራችሁ የማትቆምበት ቦታ ለሠርግ ፎቶ አትክፈሉ። የልደት ድግስም እንዲሁ። መሐንዲሶችና አናጺዎች፣ ትክክለኛውን ልክ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቅ የለምና ለጎረቤታችሁ ደብዳቤ ሥዕል ሥሩለት። ፓርክ የሚኖረው በትኬት ነው፤ ትኬቱ ደግሞ በእኛ ኪስ ነው። ቃላችን አንድ ይሁን፦ እሷ ካልገባች አንገባም!

በመጪው በዓል ማግስት ዘመዶቻችንን ይዘን በር ላይ እንገናኝ። ጥበቃው እንደ ልማዱ «እናንሳት?» ሲል ሁላችንም በአንድ ድምፅ እንመልስ፦ «እግዜር ይስጥልን ወንድማችን፣ አታንሷት፤ ሥራ አስኪያጁን ጥራልን።»