ሕጉ ቢነሳ ድጋፉ ለምን ይነሳል?

በእንግሊዝ አገር ኮቪድ የያዘው ሰው ራሱን ለይቶ እንዲቆይ ያስገድድ የነበረው ሕግ የተነሳው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2022 ነው። «ቢያንስ 5 ቀን ከቤት አትውጡ» የሚለው ምክር ግን አልተነሳም ነበር። ከሴፕቴምበር 2020 ጀምሮ የአካባቢ ምክር ቤቶች ዝቅተኛ ገቢ ላላቸውና ቤት በመዋላቸው ደመወዝ ለሚያጡ ነዋሪዎች ይሰጡት የነበረው 500 ፓውንድም አብሮ ቀረ።

በፋርማሲ ሥራዬ የማውቀው ነገር አለ፤ መድኃኒቱን መግዛት ላልቻለ በሽተኛ ማዘዣው ወረቀት ብቻ ነው። እንጀራው በዕለት ሥራው ላይ የቆመ ሰው «አትውጣ» ቢባልም ሳሉን ይዞ ይወጣል፤ ሌላውንም ያስይዛል። ስለዚህ ገደብ ሲላላ በመጨረሻ መነሳት ያለበት ድጋፉ ነው። የአካባቢ አስተዳደር ታማሚውን «እረፍ» ከማለቱ በፊት «ቤትህ የሚበላ አለ?» ብሎ ይጠይቅ።