ማበላሸት ያልተፈቀደለት ተማሪ አይማርም

የስልክ አፕ መሥራት መማር የሚፈልግ ብዙ ወጣት አለ። እጁ ላይ ያለው ግን አንድ ስልክ ብቻ ነው፤ እሱም ቴሌብሩ፣ የቤተሰቡ ፎቶና የትምህርት ፋይሉ ያለበት። ቢበላሽ ምትክ የለውም። እንዲህ ያለ ስልክ ላይ ማን ደፍሮ ያልታወቀ ነገር ይጭናል? ነገሩ ቀላል ኢኮኖሚክስ ነው፦ መሳሳት ውድ በሆነበት ቦታ ሰው አይሞክርም፣ ካልሞከረ ደግሞ አይማርም።

ስለዚህ የመሳሳትን ዋጋ ማርከስ ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ቨርቹዋል ማሽን የሚባል ነገር አለ፤ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር ብቻ የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው። ቨርቹዋልቦክስ በነጻ ይገኛል። አንድሮይድን በተራ ኮምፒውተር ላይ እንዲነሳ ያደረገው አንድሮይድ ኤክስ86 የተባለው ፕሮጀክትም ነጻ ነው፤ የአንድሮይድ 9 ፋይሉ አንድ ጊጋባይት አይሞላም። 2 ጊጋባይት ራም ትመድቡለታላችሁ፣ ፋይሉን እንደ ሲዲ ታስገቡለታላችሁ፣ ትጭኑታላችሁ። በቃ፣ ላፕቶፓችሁ ላይ አንድሮይድ አላችሁ።

እኔን የማረከኝ ግን ስናፕሾት የሚባለው ነገር ነው። ሲስተሙ ደህና እያለ ያለበትን ሁኔታ መዝግባችሁ ታስቀምጣላችሁ፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለጋችሁ ተጫወቱበት። ስሞክረው የሲስተም ፋይሎችን ሆን ብዬ አጠፋሁ፤ አልነሳም አለ። ስናፕሾቱን ስመልሰው ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ተነሳ። ኪሳራዬ የጥቂት ደቂቃ ጊዜ ብቻ!

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። አንድሮይድ 9 እ.ኤ.አ. የ2018 ስለሆነ አርጅቷል። አብዛኞቹ ስልኮች አርም በተባለው የፕሮሰሰር ዓይነት ስለሚሠሩ፣ ለእሱ ብቻ የተዘጋጁ አፖች እዚህ ላይ ሊያስቸግሩ ይችላሉ። ብዙ የባንክ አፖችም እውነተኛ ስልክ አለመሆኑን ካወቁ አይከፈቱም፤ ለደንበኛው ደህንነት ሲባል ልክ ናቸው። አፕ ለመሥራት የቆረጠ ሰው የጎግልን አንድሮይድ ስቱዲዮ ኢሙሌተር ቢጠቀም ይሻለዋል፤ አዳዲስ ቅጂዎች አሉት፣ ዋጋም የለውም። ችግሩ ራም ይበላል፤ ጎግል ራሱ 16 ጊጋባይት ነው የሚመክረው። ይህን ያህል ራም ያለው ላፕቶፕ ስንት ተማሪ ጋ አለ?

ጥያቄው ከግለሰብ አቅም ወጥቶ የጋራ የሚሆነው እዚህ ጋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና፣ ከኮርሶቹ አንዱ የአንድሮይድ አፕ ማበልጸግ ነው። ቪዲዮውን በስልክ ማየት ይቻላል፤ አፑን ሠርቶ መፈተሽ ግን ኮምፒውተር ይጠይቃል። ኮምፒውተሩ ያለው ደግሞ በአብዛኛው የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ ላብ ውስጥ ነው።

ታዲያ ላቦቹ ምን ያድርጉ? ሦስት ነገር፣ ሦስቱም አዲስ በጀት የማይጠይቁ። አንደኛ፣ ኮምፒውተሩ ባዮስ ውስጥ ቨርቹዋላይዜሽን የሚለው ተዘግቶ ከሆነ ይከፈት፤ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ሁለተኛ፣ ፋይሎቹ አንዴ ወርደው በግቢው ኔትወርክ ላይ ይቀመጡ። 1,000 ተማሪ አንድ አንድ ጊጋባይት ለየብቻው ሲያወርድ 1,000 ጊጋባይት ነው፤ ይህ ሁሉ ፓኬጅ የሚገዛው ከተማሪ ኪስ ነው። አንዴ ከወረደ ግን ለሁለተኛውም ለሺኛውም ተማሪ መቅዳት ምንም አያስወጣም ማለት ይቻላል።

ሦስተኛውና ከባዱ ልማዱን መቀየር ነው። "አትንኩ" የሚባልበት ላብ የሚያስተምረው ፍርሃትን ነው። የላብ ኃላፊዎች ስጋት ይገባኛል፤ ንብረቱ በስማቸው ተመዝግቧል፣ ሲበላሽ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። ቨርቹዋል ማሽን የሚጠቅመው ግን ለእነሱም ጭምር ነው፤ ተማሪው የሚያፈርሰው የውስጡን ሲስተም እንጂ ዋናውን ኮምፒውተር አይደለም።

ላፕቶፕ ያላችሁ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት መድቡና ሞክሩት። የላብ ቁልፍ የያዛችሁ ደግሞ እባካችሁ ለሌላቸው ክፈቱላቸው።