ለስልክ ምክርም የሙከራ መደብ ያስፈልጋል

አስተዋይ ገበሬ አዲስ ዘር ሲቀርብለት በጥቂት መደብ ሞክሮ ነው ወደ ሙሉ ማሳው የሚያልፈው። በኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራም ይኸው ልማድ ጸንቷል። በማይክሮሶፍት ኩባንያ የቢንግ መፈለጊያ የማስታወቂያ ርዕሶችን አቀራረብ ለመለወጥ የቀረበ ሐሳብ ቸል ተብሎ ከስድስት ወር በላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ መሐንዲስ አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን በተጠቃሚዎች ሲሞክር ገቢው በ12 በመቶ አደገ። አለቆች ያልለዩትን ሙከራው በሰዓታት ለየው።

ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2014 እንደተጀመረው 8028 ያለ የእርሻ ምክር በስልክ ሲዘጋጅ፣ የገበሬ ማኅበር መሪዎች «በቅድሚያ በእነማን ተሞከረ?» ብለው መጠየቅ ይገባቸዋል። ሃያ አባላት ደውለው የትኛው ቁጥር ላይ ግራ ተጋብተው እንደዘጉ ቢታይ ጉድለቱ ቶሎ ይታረማል። ሃያ ሰው ምርት ለማነጻጸር አይበቃም፤ ለዚህ ግን ይበቃል። ከዘር ወቅት በኋላ የተቃና ምክር ለዚያ ዓመት እህል አይደርስም።