ያገለገለ መኪና፣ ያልተነገረ ሸክም

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አስተዳደግ፣ ስለ ምግብና ስለ ቤት ወጪ ስንጽፍ ቆይተናል። በዚህ ወር ደግሞ ስለ መኪና ልንጽፍ ነው። «መኪናን ከቤተሰብ ዓምድ ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር፣ ከቤት ኪራይ ቀጥሎ የቤተሰቡን ገንዘብ የሚውጠው፣ ልጆቻችንንም በየዕለቱ የምናስቀምጥበት እሱ መሆኑን እናስታውሰዋለን።

የምንኖረው በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት ከተማ ነው። ሦስት ልጆች አሉን። እኛ ያለንበት ጀማዓ ለዒድ ሰላት የስፖርት አዳራሽ ይከራያል። ምንጣፉ፣ የድምፅ መሣሪያው፣ የሴቶች መጋረጃና ትልልቆቹ ድስቶች የሚጓጓዙት ጀማዓው አዋጥቶ በገዛት አንዲት ተሳቢ ነው። ተሳቢ ደግሞ ጎታች ትፈልጋለች። ስለዚህም ለልጆቹ ትምህርት ቤትም ለገበያም የሚሆን፣ በዒድ ሰሞን ደግሞ ተሳቢዋን የሚስብ፣ በአገራችን ስቴሽን ዋገን፣ እዚህ ኮምቢ የሚባለውን መኪና ከአንድ ግለሰብ ገዛን። ሻጩ ጋንቾውን በእጁ መታ መታ እያደረገ «ይህ መኪና ቤት ይጎትታል» አለን። እኛም አመንነው።

በ2017 (እ.ኤ.አ) ከረመዳን በኋላ ለአንድ የሠርግ ድግስ ዕቃ ጭነን ወደ ካሰል ከተማ ጉዞ ጀመርን። ድስቱና ምንጣፉ ቀድሞ ገባ፤ የሩዙ ጆንያና የውሃው ካርቶን መጨረሻ ስለመጣ ከተሳቢዋ ጭራ ላይ ተከመረ። ልጆቹ ከኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። በዚያ በኩል ያለውን አውቶባን የሚያውቅ ሰው ካሰል ከመድረሱ በፊት ያለውን ዳገትና ቁልቁለት ያውቃል። ቁልቁለቱን ስንይዝ ተሳቢዋ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎም እንደ እባብ ግራና ቀኝ መወራጨት ጀመረች። የመኪናችንን ጭራ ይዛ ትወዘውዘው ነበር። ለተሳቢ የሚፈቀደውን 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳናስተውለው አልፈን ኖሯል። ነጂው ነዳጁን ለቆ፣ መሪውን ሳይታገል አጥብቆ ያዘ። ፍጥነቱ ሲወርድ ተሳቢዋ ሰከነች። አልሐምዱሊላህ፣ ከድንጋጤ በቀር የደረሰብን ነገር የለም። ትንሹ ልጃችን ግን «እንደገና አድርገው!» ብሎ አስቆንን፤ ሳቁ ግን አልቆየም።

በማግስቱ አንድ የመካኒክነት ሙያ ያለው ወንድም የመኪናውን ሊብሬ አምጡ አለን። እዚህ አገር ሊብሬው ሁለት ክፍል ሲሆን፣ ከመኪናው ጋር የሚያዘው የመጀመሪያው ክፍል በፊደልና በቁጥር የተከፋፈሉ ትናንሽ ሣጥኖች አሉት። ወንድማችን «ኦ.1» በሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈ። የራሱ ፍሬን ያለው ተሳቢ ሲጎተት የሚፈቀደው ክብደት የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። የእኛ 1200 ኪሎ ይላል። «ቤት ይጎትታል» የተባለው መኪና! የጫንነውን በግምት ስንደምረው ከዚያ አልፏል። «ኦ.2» ደግሞ ፍሬን ለሌላት ተሳቢ ነው፤ እሱ እጅግ ያነሰ ነው። በ«13» ቁጥር ሣጥን ያለው የተሳቢዋ አንገት ጋንቾው ላይ ሊጫነው የሚችለው ክብደት ሲሆን፣ የእኛ 75 ኪሎ ነበር።

ከሁሉ ያስደነቀን ይህ የመጨረሻው ነው። እኛ ጋንቾው ላይ ክብደት ባነሰ መጠን ለመኪናው ይቀለዋል ብለን እናስብ ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ከባዱ ዕቃ ከተሳቢዋ እግር ኋላ ሲሆን አንገቷ ወደ ላይ ይነሣል፤ የመኪናው የኋላ ጎማም መሬቱን መቆንጠጡን ይቀንሳል፤ መወራጨቱም ከዚያ ይመጣል። ስለዚህ ከባዱ ዕቃ ከተሳቢዋ እግር በላይ ወይም ጥቂት ቀደም ብሎ መቀመጥ አለበት፤ አንገቷ ላይ የሚያርፈውም ከተፈቀደው ሳያልፍ ወደዚያው የተጠጋ መሆን አለበት። ለመለካት የመታጠቢያ ቤት ሚዛንና አንድ ቁራጭ እንጨት ይበቃል። በዒድ ዋዜማ ሚዛን ይዘን ስንወርድ ጎረቤቶቻችን የሚሉትን አላህ ይወቀው!

እንግዲህ ያገለገለ ኮምቢ የሚፈልግ ቤተሰብ ከሞዴሉ ስም በፊት እነዚህን ቁጥሮች ይጠይቅ እንላለን። ብዙ ሰው «ቮልቮ ቪ70 ይሻላል ወይስ ፓሳት? ኦክታቪያስ? መርሴዲስስ?» እያለ ይከራከራል። በአንድ ስም የተጠራ መኪና እንደ ሞተሩና እንደ ካምቢዮው የሚጎትተው ክብደት በመቶ ኪሎዎች ይለያያል፤ ስሙ ብቻ ምንም አይነግርም። ሻጩ የሊብሬውን ፎቶግራፍ ቢልክ ግማሹ ጥያቄ ከቤት ሳይወጣ ይመለሳል። አልልክም ካለ እሱም መልስ ነው።

መንጃ ፈቃዱስ? እዚህ ተራው «ቢ» መንጃ ፈቃድ እስከ 750 ኪሎ የተፈቀደላትን ተሳቢ ያስጎትታል። ከዚያ በላይ ከሆነች ግን የመኪናውና የተሳቢዋ የተፈቀደ ጠቅላላ ክብደት ተደምሮ ከ3500 ኪሎ ማለፍ የለበትም። ልብ በሉ፤ የሚደመረው በወረቀት ላይ ያለው እንጂ የዕለቱ ጭነት አይደለም። 2100 ኪሎ የተፈቀደለት መኪና 1300 የተፈቀደላትን ተሳቢ ቢጎትት 3400 ነው፤ ይሄዳል። ተሳቢዋ የ1500 ብትሆን ባዶዋንም ቢሆን አይፈቀድም፤ እስከ 4250 የሚያደርሰውን የ«ቢ96» ሥልጠና መውሰድ ያሻል። በሊብሬው ያለው የጉተታ ገደብ ግን የሚጠይቀው ተሳቢዋ በዕለቱ በእርግጥ የምትመዝነውን ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው፤ እኛም ነበርን።

በአገር ቤት ሆነው ይህን ለሚያነቡን አንድ ነገር እንጨምር። በብዙ መኪኖች መመሪያ መጽሐፍ ላይ ከባሕር ጠለል ከፍታ በየ1000 ሜትሩ ተሳቢን ጨምሮ የተፈቀደው ክብደት በ10 ከመቶ እንዲቀነስ ተጽፏል፤ አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ጉልበት ይደክማልና። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። በሜዳማው አገር ሐምቡርግ የሚጎትተውን እንጦጦ ላይ ይጎትታል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

አሁን ወደ መኪናው ጤንነት እንለፍ። ጋንቾ ያለው ያገለገለ መኪና ሁሉ ያለፈ ታሪክ አለው፤ ሻጩ ባይናገርም ብረቱ ይናገራል። የጋንቾው ክብ ራስ አዲስ ሲሆን 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ 49 ከደረሰ አልቋል፤ ብዙ ጎትቷል ማለትም ነው። የኋላው ሞላ ደክሞ መኪናው ባዶውን ጭራውን ጥሎ ይቆም እንደሆነ ከጎን ራቅ ብሎ ማየት ነው። አንዳንድ ቮልቮዎችና መርሴዲሶች ጭነት ሲበዛ የኋላውን ራሱ የሚያስተካክል አሠራር አላቸው፤ መልካም ነገር ነው፤ ሲበላሽ ግን ዋጋው ያስደነግጣል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ትተን እንሄዳለን። በእጅ ማርሽ ከሆነ ዳገት ላይ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጥ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ይህ በሜዳ ላይ ባዶ መኪና ሲነዳ ጨርሶ ላይታወቅ ይችላል። ይህን ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

«አዲስ ቲዩፍ አለው» የሚለው ቃልም ብዙ ሐበሻ ያታልላል። ቲዩፍ በአገራችን ለቦሎ እንደሚደረገው ምርመራ ያለ ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ይደረጋል። የሚመረምረው ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ዝገቱን፣ መብራቱንና ጭሱን ነው። ፍሪሲዮኑ ስንት ወር እንደቀረው፣ የሞተሩ ቺንጊያ መቼ እንደተቀየረ አይጠይቅም። ቺንጊያው በጊዜው ካልተቀየረና ከተበጠሰ ግን ሞተሩን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ከቲዩፍ ወረቀት የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፦ የምርመራው ቀን መኪናው የሄደው ኪሎ ሜትር ይጻፍበታል። የድሮዎቹን ወረቀቶች ደርድሮ ቁጥሩ በቅደም ተከተል ማደጉን ማየት ቆጣሪው ወደ ኋላ መመለስ አለመመለሱን ያሳያል።

እስካሁን ስለ ጉተታው አወራን እንጂ ዋናው ኑሮ የዕለት ተዕለቱ ነው። ከመካከላችን ሚስትየው፣ ልጆቹን በየጠዋቱ የምታደርሰው እሷ ናትና፣ አንድ ቀን የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አውርዳ በዓመት ስንት ቀን ተሳቢ እንደጎተትን ቆጠረች። 11 ቀን! ባልየው ትልቅ የናፍጣ ሞተር ሲያልም ነበርና ዝም አለ። ናፍጣ ለረጅም መንገድና ለጭነት ጥሩ ነው። ሁልጊዜ አጭር መንገድ ብቻ ሲነዳ ግን የጭስ ማጣሪያው ራሱን የሚያቃጥልበትን ሙቀት ስለማያገኝ ይደፈናል። እንደ ስቱትጋርት ያሉ ከተሞችም ከ2019 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ አሮጌ ናፍጣዎችን አግደዋል። ስለዚህ ለ354ቱ ቀን የሚሆን፣ 11ዱን ቀን ደግሞ በገደቡ የሚችል የቤንዚን መኪና መረጥን። ገደቡ ካልበቃ ለዚያ ቀን የጭነት መኪና መከራየት ይቻላል፤ ከአንድ ፍሪሲዮን ይረክሳል። በነገራችን ላይ የሐረርን ፔዦ 404 ታክሲዎች ያየ ሰው፣ ሥራቸው በ1975 (እ.ኤ.አ) አካባቢ ያቆመ መኪኖች ስንት ዘመን እንዳገለገሉ ያውቃል። መኪናው ቀላል፣ መካኒኩም የሚያውቀው ሲሆን ዕድሜው ይረዝማል።

የልጆች ወንበርም አለ። እዚህ አገር 12 ዓመት ያልሞላውና ቁመቱ 150 ሴንቲ ሜትር ያልደረሰ ልጅ በልጆች ወንበር መቀመጥ አለበት። ሦስቱ ወንበሮች ጎን ለጎን መግባታቸውን በሜትር ሳይሆን በወንበሮቹ በራሳቸው መሞከር ይሻላል። እኛ ሦስቱንም ተሸክመን ሄድን፤ ሁለት መኪና የወደቀው በዚህ ፈተና ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ አንዱ መኪና ነጋዴ በየወሩ የሚከፈል በወለድ አቀረበልን። ወለዱ ትንሽ ነው አለ። ሪባ ትንሽ የለውም። ዕቁባችን እስኪደርስ ሰባት ወር ጠበቅን፤ በዚያ ጊዜ ዒድ ሲመጣ ተሳቢዋን ሌላ ወንድም ጎተተልን።

የቀረው አሮጌውን መሸጥ ነበር። ፍሪሲዮኑ ከላይ እንዳልነው ዳገት ላይ መንሸራተት ጀምሯል። 3000 ዩሮ እናገኝበታለን ብለን ነበር። ሊገዛ የመጣው በቅርቡ ያገባ ወጣት ወንድም ሲሆን ሜዳ ላይ ነድቶት ወደደው። ለነገ ተቀጣጠርን። ያን ሌሊት በቤታችን ክርክር ነበር። አንዳችን «እኛንስ ማን ነገረን? ቤት ይጎትታል ተብለን አይደል የገዛነው?» አለ። እዚህ አገር ግለሰብ ሲሸጥ «እንዳየኸው ነው የምሸጥልህ» ብሎ በውሉ ላይ ኃላፊነቱን ማንሳት ይችላል፤ እያወቀ የደበቀውን ጉድለት ግን ሕጉም አይሸፍንለትም። ሌላኛችን ግን ሕጉን አልጠቀሰም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ከተከመረ እህል ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ርጥበት ስላገኙበት፣ ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን አላደረግከውም ብለው ስለጠየቁት ሻጭ አስታወሰ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልተነጋገርንም፤ ተኛን።

በማግስቱ ወጣቱን ወደ ዳገት ወስደን ራሱ እንዲነዳው አደረግን። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ግን ቀረ። ልጁ ዞሮ አየን።

«ጋሼ፣ ባይነግሩኝ እኮ አላውቅም ነበር።»

«አውቀን እንዴት እንሸጥልሃለን፣ ልጄ። ጋራዥ ወስደህ ዋጋውን ጠይቅና ቀንስ።»

ጠይቆ 1100 ዩሮ ቀነሰ። የዕቁቡ ገንዘብ ለአዲሱ መኪና አልበቃ ብሎ ጉድለቱን ከወንድም ተበድረን እስከ ክረምቱ መጨረሻ ስንከፍል ቆየን። ወጣቱ ፍሪሲዮኑን አስቀይሮ ዛሬም ይነዳዋል። ተሳቢ ስለማይጎትት ጋንቾውን አስፈትቶ «ለእርስዎ ይጠቅማል» ብሎ አመጣልን። ለአዲሱ መኪና አይሆንም፤ ምድር ቤት ከድስቶቹ አጠገብ ተቀምጧል።